ሁለት ቁጥሮች ሲጋጩ ማን ዋሸ?

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በይቅርታ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር በዚሁ ቡሌቲን ላይ የምዝገባው ድረ ገጽ ስለመቆሙ አንድ ዜና ጽፌ ነበር። ርዕሱ «ስለ ምዝገባው መስተጓጎል እርስ በርሱ የሚጋጭ መረጃ ተሰጠ» የሚል ነበር። ሁለት ሰዎች አነጋገርኩ፤ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሰጡኝ፤ ሁለቱንም ጻፍኩ። ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ግራና ቀኙን አቅርቤያለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ዜናው ከወጣ በኋላ በግቢው ውስጥ የተወራው ግን ምን መሰላችሁ? «ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል» የሚል ነው። ከሁለቱ የዋሸው ማን እንደሆነ ለመገመት ደግሞ ማንም አልተቸገረም። አንዱ የቢሮ ኃላፊ ናቸው፤ ሌላዋ የኮንትራት ሠራተኛ ናት። በአገራችን እንዲህ ያለ ፍርድ ለማን እንደሚያደላ ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ማንም እንዳልዋሸ እጽፍ ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደተሳሳትኩ የምነግራችሁ ለንስሐ ብቻ አይደለም። እኛ ጋዜጠኛ ለመሆን የምንማር ልጆች ሁላችንም አንድ ቀን የምንወድቅበት ጉድጓድ ስለመሰለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር

ዕለቱ ሰኞ ነው። ምዝገባ የተከፈተው ጠዋት ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ያለው ሰልፍ እስከ ካፍቴሪያው ደርሷል። ስልክ ያለውም ስልኩ ላይ አፍጥጧል፤ ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ በቃ ይሽከረከራል። ከክፍለ ሀገር አዳሩን ተጉዞ የመጣ ተማሪ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አየሁ። ካልተመዘገበ ዶርም አይሰጠውም። እኔም ማስታወሻዬን ይዤ ወደ ኮምፒውተር ማዕከሉ ሄድኩ።

ኃላፊው በጥሩ ሁኔታ ተቀበሉኝ። የኮምፒውተራቸውን ስክሪን ወደ እኔ አዞሩና «ይኸው ራስህ እየው ልጄ! ሎድ ባላንሰሩ መቶ በመቶ ሆኗል። ታፍኗል። ትልቅ ይገዛ ብዬ ስንት ጊዜ ጻፍኩ!» አሉኝ። እውነትም ስክሪኑ ላይ ቀዩ መስመር ጣሪያ ነክቷል። ጻፍኩ፤ «ሲፒዩ፣ 100 በመቶ፣ 4 ሰዓት»።

ከዚያ ወደ ኔትወርክ ባለሙያዋ ሄድኩ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ስላት «አንቱ አትበለኝ፣ ገና ሠላሳ አልሞላኝም» አለችና ሳቀች። እሷም አንድ ስክሪን አሳየችኝ። እዚያ ላይ የሚታየው 18 በመቶ ነው። «ባላንሰሩ ምንም አልሆነም። ችግሩ እዚህ አይደለም» አለችኝ። የግራፉን ኅትመትም ሰጠችኝ። ከግርጌው 07:00 የሚል ሰዓት አለ።

አሁን ጥፋቴን ልብ በሉ። 07:00 የሚለውን «ከቀኑ 7 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩት። የምሳ ሰዓት ማለት ነው። አንባቢው ምን ብሎ ተረዳ? «አለቃው ችግሩ የነበረበትን የጠዋቱን ንባብ ሰጡ፣ ልጅቷ ግን ተማሪው ምሳ በወጣበት ሰዓት የተነሳውን አመጣች» ብሎ። ማሽኑ የሚቆጥረው ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ነበር። የእኛ አገር አቆጣጠር ከእርሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ስለዚህ 07:00 ማለት በሞባይላችን 10:00 ነው። 10:00 ደግሞ በአማርኛ ስንጠራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሁለቱ ሰዎች ያሳዩኝ አንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት የነበረውን ሁኔታ ነው። እኔ ግን በመካከላቸው የ3 ሰዓት ልዩነት ፈጠርኩ። ያውም ለአንዷ ወገን በሚጎዳ መንገድ።

ዜናው ከወጣ በኋላ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነበበ ተባልኩ። የእሷ የሥራ ውል የሚታደስበት ወር ነበር።

ማታ 3 ሰዓት ላይ የታየ ነገር

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ፣ እውነቱን ለመናገር ሕሊናዬ እየቆጠቆጠኝ፣ ቢሮዋ ሄድኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ማታ ተረኛ ነኝ፣ 3 ሰዓት ላይ ና» አለችኝ። ሄድኩ። ግቢው ጭር ብሏል። ምዝገባ ካበቃ ቆይቷል። ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን ከፈተችልኝ። ኃላፊው ያሳዩኝ ስክሪን አሁንም መቶ በመቶ ይላል። የእሷ ስክሪን ደግሞ 1 በመቶ ይላል።

«እሺ ጋዜጠኛው፣ አሁን ማን እየተመዘገበ ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ? አፌን ያዝኩ። በዚያ ሰኞ ጠዋት አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሬ ቢሆን፣ «ሰው በሌለበት ሰዓትስ ስንት ነው?» ብዬ ቢሆን፣ ታሪኩ በሙሉ ይቀየር ነበር። ማንም በማይጠቀምበት ሌሊትም፣ ሺህ ተማሪ በሚረባረብበት ጠዋትም እኩል መቶ የሚያሳይ ቁጥር ስለ መጨናነቅ ሊመሰክር አይችልም። እንደቆመ ሰዓት ነው።

ታዲያ መቶ በመቶው ከየት መጣ?

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ የገባኝን በገባኝ ቋንቋ ልንገራችሁ።

እስቲ መገናኛን አስቡት። ጠዋት ሰው እንደ ጎርፍ ይመጣል። ሚኒባሶች ተሰልፈዋል። ተራ አስከባሪው «አንተ እዚህ፣ እናንተ እዚያኛው ላይ» እያለ ተሳፋሪውን ያከፋፍላል። ሎድ ባላንሰር ማለት ይኸው ነው። የምዝገባ ድረ ገጻችን የሚሠራው በአንድ ሳይሆን በሦስት ሰርቨሮች ነው። ተማሪው ስልኩን ሲነካ ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው ሎድ ባላንሰሩ ጋ ነው። እርሱም ለአንዱ ሰርቨር ያስተላልፋል። አንዱ ሰርቨር ከታመመም ወደዚያ መላኩን ያቆማል።

አሁን ደግሞ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አስቡ። አንዱ የግቢ ዘበኛ ነው። በሩ ሲንኳኳ ይነሳል፤ ካልተንኳኳ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። አብዛኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲህ ነው፤ ሥራ ሲመጣ ይቀሰቀሳል፣ ሥራ ሲያልቅ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ይለቃል። ሁለተኛው ግን ተራ አስከባሪው ነው። ሰው ኖረም አልኖረም ቆሟል። ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፤ «መጣ? አልመጣም። መጣ? አልመጣም» ይላል። ለምን እንደዚህ ይደክማል? ዘበኛው በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ ቢንኳኳበት፣ ከመቀመጫው በመነሳትና በመቀመጥ ብቻ ጉልበቱ ያልቃል። ጎርፍ ለሚጠብቅ ሰው ቆሞ መጠበቁ ይሻላል። በርካታ ፈጣን የኔትወርክ መሣሪያዎች የተሠሩት በዚህኛው መንገድ ነው።

እንግዲህ ከሩቅ ሆናችሁ ተራ አስከባሪውን ብታዩት ቀኑን ሙሉ እግሩ አላረፈም። «ሥራ ላይ ነው?» ብትሉ «መቶ በመቶ» ነው መልሱ። «ስንት ሰው አሳፈረ?» ብትሉ ግን ሌላ መልስ ነው።

የእኛ ሎድ ባላንሰር ራሱን የቻለ ሳጥን አይደለም፤ በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ እንደ ቨርቹዋል ማሽን የተጫነ ነው። ኃላፊው የሚያዩት የትልቁን ሰርቨር፣ ሃይፐርቫይዘር የሚባለውን፣ ስክሪን ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ከውጭ ሆኖ «ይህ ማሽን የተሰጠውን ፕሮሰሰር ስንት በመቶ ይዟል?» ብሎ ይቆጥራል። ተራ አስከባሪው ሁልጊዜ ስለቆመ መልሱ ሁልጊዜ መቶ ነው። ባለሙያዋ የምታየው ደግሞ የባላንሰሩን የራሱን ቆጠራ ነው። እርሱ «መጣ? አልመጣም» እያለ ያሳለፈውን ጊዜ ቀንሶ፣ በእውነት ተሳፋሪ ሲያሳፍር የቆየበትን ብቻ ይነግራል። መልሱ 18 ነው።

ይህ የእኛ ግቢ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ዲፒዲኬ የሚባል የሶፍትዌር ስብስብ ዋና ሐሳቡ ይኸው ቆሞ መጠበቅ ነው። ኔትስኬለር የተባለው ሎድ ባላንሰርም በቨርቹዋል ማሽን ሲጫን ከውጭ መቶ በመቶ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ እውነተኛ ሥራው የሚነበበው ከራሱ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ዊሊ ታሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ኤችኤፕሮክሲ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ እንደ ዘበኛው ነው፤ ሥራ ሲያጣ ያርፋል፤ ምን ያህሉን ጊዜ ሥራ ፈትቶ እንዳሳለፈም በመቶኛ ይናገራል። ቆሞ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ምርጫ ከተከፈተለት ግን እርሱም ከውጭ ሲታይ መቶ ይሆናል። አያችሁ? አንዱ ሶፍትዌር እንኳ እንደ አደራረጉ ሁለት መልክ አለው።

የኃላፊው ቁጥርም ከንቱ አይደለም። ትልቁ ሰርቨር ላይ ሌሎች ማሽኖችም አሉ። ተራ አስከባሪው የያዘው ፕሮሰሰር በእውነት ተይዟል፤ ለሌላው ማሽን አይተርፍም። «በዚህ ሰርቨር ላይ ሌላ ነገር መጫን እንችላለን ወይ?» ለሚል ጥያቄ የእርሳቸው ስክሪን ትክክለኛ መልስ ይሰጣል። «ባላንሰሩ ታፍኗል ወይ?» ለሚለው ግን አይመልስም። የተጋጩት ሁለት መልሶች አይደሉም፤ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

18 በመቶም አያጽናናም

እዚህ ላይ ብቆም የባለሙያዋ ጠበቃ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው። እሷ ራሷ ግን እንድቆም አልፈቀደችልኝም። «እኔም አጥፍቻለሁ» አለችኝ። «አንተ የጠየቅከኝ ተማሪው ለምን አይመዘገብም ብለህ ነው። እኔ የመለስኩልህ ባላንሰሩ 18 ነው ብዬ ነው። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ እያለ 18 በመቶ ምን ያደርግለታል?»

ትክክል ናት። የዚያን ቀን እውነተኛ ችግር ከሰርቨሮቹ ኋላ ያለው ዳታቤዝ ላይ ነበር። ዳታቤዙ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የግንኙነት ቁጥር ገደብ አለው፤ ከተጠቀሙባቸው በኋላ ያልተዘጉ ግንኙነቶች ገደቡን ሞልተውት ነበር። ስለዚህ ሰርቨሮቹ ተራቸውን እየጠበቁ ቆመዋል፣ ገጹም ይሽከረከራል። የማንም ፕሮሰሰር አልተጨናነቀም፤ ሁሉም ወረፋ ላይ ነው። ሚኒባሶቹ ሞልተው ቀለበት መንገዱ ቢዘጋ ተራ አስከባሪው ምን ያድርግ? እሷ ያንኑ ሰኞ ማታ ያልተዘጉትን ዘግታ ገደቡን አስተካከለች። ማክሰኞ ምዝገባው ሠራ። የኃላፊው ስክሪን ግን ማክሰኞም መቶ በመቶ ነበር።

ይህን የማክሰኞ እውነት ማንም አልጻፈውም። እኔም አልጻፍኩትም። ዜና የሚሆነው የቆመው ነገር እንጂ የሠራው አይደለም ብዬ ነዋ! ማክሰኞ ተመልሼ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ዜናዬ ቡሌቲኑ ኅትመት ሳይገባ ይታረም ነበር።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። በዚያ ማታ በወረቀት ላይ እያሰላች ካሳየችኝ ሁለቱን ልንገራችሁ፤ ለእኛ ሙያም ይጠቅማሉና።

አንደኛው የአማካይ ወጥመድ ነው። አንድ ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው እንበል። አንዱ ኮር መቶ በመቶ ታፍኖ ሦስቱ ሥራ ቢፈቱ አማካዩ 25 በመቶ ነው። «ገና ብዙ ይቀረዋል» ትላላችሁ። ሥራው ለሌሎቹ ሦስት የማይከፋፈል ከሆነ ግን ምንም አይቀረውም፤ አልቆለታል። አማካይ በጊዜም ይሸውዳል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ለ15 ሰከንድ ብቻ መቶ ሆኖ በቀረው ጊዜ 5 በመቶ የነበረ ማሽን፣ የአምስት ደቂቃ አማካዩ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። በእነዚያ 15 ሰከንዶች ውስጥ «ግባ» የሚለውን የነካው ተማሪ ግን ያየው መቶውን ነው።

ሁለተኛው የመለኪያ ወጥመድ ነው። በሊኑክስ ላይ «ቶፕ» የሚባለው ትእዛዝ አንድ ፕሮግራም 400 በመቶ ፕሮሰሰር ይዟል ሊል ይችላል። ጋዜጠኛ ይህን ቢያይ «ከአቅሙ አራት እጥፍ እየሠራ ነው» ብሎ ርዕስ ያወጣል። ነገሩ ግን እያንዳንዱን ኮር መቶ ብሎ ስለሚቆጥር አራት ኮር ይዟል ማለት ብቻ ነው። እዚያው ስክሪን ላይ ከላይ በኩል የሚታየው «ሎድ አቬሬጅ» ደግሞ በሊኑክስ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፕሮሰሰር የሚጠብቀውን ብቻ ሳይሆን፣ ዲስክና የመሳሰለውን ሲጠብቅ ሊቋረጥ የማይችለውንም ጨምሮ ይቆጥራል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ እያለ ያ ቁጥር ሊያሻቅብ ይችላል። አንድ ስክሪን፣ ሦስት ቁጥር፣ ሦስት ትርጉም!

እና እኛን ምን አገባን?

«ይሄ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጉዳይ ነው» የሚል ጓደኛ አለኝ። እኔ ግን የእኛ ጉዳይ ነው እላለሁ። ነገ ተመርቀን የምንጽፈው ስለ ምንድነው? ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ ምርት፣ ስለ ሕዝብ ብዛት፣ ስለ መብራት መቆራረጥ አይደል? ሁሉም ቁጥር ነው፤ ሁሉም ቁጥር ደግሞ ከአንድ ስክሪን ላይ የተነበበ ነው።

የሕዝባችንን ብዛት ውሰዱ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 73 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ገደማ ሕዝብ ቆጥሯል። ከዚያ ወዲህ ያለ ሌላ ቆጠራ ብዙ ዓመት አለፈ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አገራችን ሕዝብ ብዛት የምናነባቸው አኃዞች ግምቶች ናቸው። የአገር ውስጡ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ትንበያና የተባበሩት መንግሥታት የሚያወጣው ግምት በብዙ ሚሊዮን ይለያያሉ። «ማን ዋሸ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። «እያንዳንዱ ከምን ተነስቶ አሰላው?» ብሎ መጠየቅ ነው የጋዜጠኛ ሥራ። መጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሻይ ቤትም ሞልቷል።

መምህሮቻችን «ሁለቱንም ወገን አነጋግሩ» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ አልቃወምም። እኔ የምለው ይህ የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም ነው። ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጬ «ፍርዱ የአንባቢ ነው» ስል ሚዛናዊ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንባቢው ግን ሁለቱን ስክሪኖች አላየም። የምፈርድበት መረጃ ሳልሰጠው ፍርዱን ብቻ ጣልኩበት። መረጃ የሌለው አንባቢ የሚፈርደው በማዕረግ ነው፤ «ኃላፊው ያውቃሉ» ይላል። ሚዛናዊ ነው ያልኩት ዜና ወደ ማን እንዳዘነበለ አያችሁ? ጭራሽ የእኔው ዜና «ትልቅ መሣሪያ ይገዛ» ለሚለው ሐሳብ ማስረጃ ሊሆን ነበር። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። በሌሊትም መቶ የሚያሳይ ቁጥር አይተን ሌላ ትልቅ ብንገዛ፣ ትልቁም በሌሊት መቶ ያሳየናል!

«ጋዜጠኛ መሐንዲስ ሊሆን አይችልም፤ ጊዜም የለውም» የሚል መከራከሪያ እንደሚነሳ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ቀነ ገደብ አለ፤ እኔም ያን ቀን ነገ ጠዋት አስረክብ ተብዬ ነበር። ነገር ግን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። እኔ ያስፈለጉኝ አራት ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ፤ አራቱንም ለመጠየቅ አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር።

አንደኛ፣ ይህ ቁጥር ምን ቆጥሮ ነው የመጣው? መቶ ሲባል የምን መቶ?

ሁለተኛ፣ ከየት ሆኖ ነው የቆጠረው? ከውስጥ ወይስ ከውጭ?

ሦስተኛ፣ የመቼ ነው? በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር? የቅጽበት ነው ወይስ የአምስት ደቂቃ አማካይ?

አራተኛ፣ ምንም ችግር በሌለበት ጊዜ ስንት ነው?

አራተኛዋን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። የታመመን ሰው ሙቀት የምናውቀው የጤነኛውን ስለምናውቅ ነው። የጤነኛ ቀኑን ሳናውቅ የሕመም ቀኑን ቁጥር ብንጽፍ ግን ለአንባቢው ምንም አልነገርነውም።

ምን ይደረግ?

ጥፋትን ብቻ ተናግሮ መሄድ አይበቃምና ሦስት ሐሳብ አለኝ።

ለትምህርት ክፍላችን፦ የዜና አጻጻፍ ኮርሳችን ውስጥ ቁጥርን ስለመጠየቅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይመደብልን። ስለ ጥቅስ አጠቃቀም፣ ስለ ርዕስ አወጣጥ ብዙ ተምረናል። አንድ ባለሥልጣን «በመቶ» ሲል ግን ሁላችንም ዝም ብለን እንጽፋለን። የኮምፒውተር ሳይንስና የስታቲስቲክስ ልጆች እኮ እዚሁ ግቢ ናቸው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን ብንቀመጥ ምን ይገድላል? እኛም የእነርሱን ሥራ ለሰው በሚገባ ቋንቋ መጻፍ እናስተምራቸዋለን።

ለቢሮዎቻችን፦ ለተማሪ ጋዜጠኛም ቢሆን ቁጥር ስትሰጡ ከነመለኪያውና ከነሰዓቱ ስጡን። ስክሪን ማዞር ብቻውን መረጃ መስጠት አይደለም። ባለሙያዎቻችሁም ለጥያቄው እንጂ ለመሣሪያቸው ብቻ አይመልሱ።

ለዚህ ቡሌቲን አዘጋጆች፦ የእርማት ቦታ ይኑረን። ቡሌቲናችን የሚወጣው በሴሚስተር አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ የእኔ ስህተት ሳይታረም ይኸው እስከ ዛሬ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ከረመ። ስህተት በትልቅ ርዕስ ወጥቶ እርማት በአንድ መስመር ጥግ ላይ መቅረት የለበትም። ስህተቱ በወጣበት ገጽና በዚያው መጠን ይውጣ።

እስከዚያው ግን የእኔን እርማት እዚሁ ላስፍር። «ባለፈው ሴሚስተር ዕትም ከቀኑ 7 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተብሎ ይነበብ። ሁለቱ ንባቦች የአንድ ሰዓት ነበሩ። የማይጋጩና ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የሚለኩ ነበሩ። የምዝገባው መስተጓጎል ምክንያት ሎድ ባላንሰሩ አልነበረም።»

የባለሙያዋ ውል ታደሰ፤ ግን ለሦስት ወር ብቻ። በእኔ ዜና ምክንያት ነው ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ልናገር አልችልም። ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ሦስቱ ወር ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ይቀሩታል። ውሉ በሚታይበት ጠረጴዛ ላይ የፊተኛው ዜናዬ ከተቀመጠ፣ ይህኛውም አጠገቡ ይቀመጥልኝ ዘንድ እጠይቃለሁ።

ቸር ይግጠመን!